ስፒናውን የሰካው እጅ

ባጃጇ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ቆማ ሰው እስኪሞላላት ስትጠብቅ ነበር የገባሁት። ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት በጋቢ የተጠቀለለ አራት ማዕዘን ዕቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ አቅፋዋለች። ለስኳሬ የሚሰጡኝን መድኃኒት ላመጣ ወደ ሴቻ መውጣቴ ነበር። እንደ ወጉ «እንደምን ዋላችሁ» ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ዓይኗን ሳይሆን ጆሮዋን ወደ እኔ መለሰች። «ጋሽ ይርጋ?» አለች። «ጋሽ ይርጋ ነዎት አይደል? ዓይኔ ቢደክም ድምፅዎን አልረሳሁም።» ታደለች ነበረች፤ የአንጁሎ ሚስት። አንጁሎ የሥራ ባልንጀራዬ ነበር። በወጣትነታችን አብረን በከፈትናት የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞተ። እውነት ለመናገር፣ እዚያው መውረድ ፈልጌ ነበር፤ ሹፌሩ ግን ሞተሩን አስነስቶ የሴቻን ዳገት ጀመረ።

በትንሽ ከተማ ሰውን መሸሽ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አርባ ምንጭ ለሁለት መከፈሏ፣ ሲቀላ ታች ሴቻ ላይ መሆናቸው፣ ለእኔ የእግዜር ስጦታ ነበር። እሷ ሴቻ ትኖራለች፤ እኔ ሲቀላ። ገበያ መሐል ከሩቅ ካየኋት ከሽንኩርት ተራ ወደ ጨው ተራ እሻገር ነበር። ሴቻ ለቅሶ ሲኖር ባለቤቴን እልካለሁ፤ «ምነው አንተስ?» ስትለኝ ወገቤን አመመኝ እላለሁ። ባለቤቴ ይኸው ካረፈች ሁለት ዓመቷ። ለምን እንደምሸሽ ሳልነግራት አፈር ለበሰች። አሁን ግን በአንዲት ባጃጅ ወንበር ላይ ጉልበቴ ከጉልበቷ ጋር እየተጋጨ ነው፤ የት ልሻገር?

«ይኼ የሰላም ማይክሮዌቭ ነው» አለችኝ ጥቅሉን መታ መታ እያደረገች። ሰላም ልጇ ናት፤ አባቷ ሲሞት ገና በማኅፀን ነበረች፤ አሁን ሐዋሳ ታስተምራለች። «ዓይኔን ግፊት ይዞት፣ አምና ከሰል ሳቀጣጥል ቀሚሴን እሳት በላው። ከዚያ ወዲህ ልጄ እሳት አጠገብ ድርሽ እንዳትዪ ብላ ይህን አመጣችልኝ። ጎረቤት ያበስልልኛል፤ እኔ በዚህ አሞቃለሁ። ማሞቅ ካቆመ አሁን አምስት ቀኑ። መብራቱ ይበራል፣ ሳህኑ ይዞራል፣ ምግቡ እንደ ገባ ይወጣል። ሁለት ቤት ወሰድኩት። አንዱ ሳይከፍተው ‘ጣዪው’ አለኝ። ሌላው ‘አዲስ ይሻልሻል’ አለኝ። ይኸው የቀዘቀዘ የበቆሎ ኩርኩፋ ስውጥ ሆዴ ድንጋይ ሆነ።» ከዚያ ጥቅሉን ጠበቅ አድርጋ አቅፋ፣ «እርስዎ ድሮ የሞተ ራዲዮ ያስነሱ ነበር» አለች። በክፋት አላለችውም። ለዚህ ነው የከበደኝ። ነገ ጠዋት ቴስተሬንና ካቻቢቴዬን ይዤ እመጣለሁ አልኳት፤ ስላልኩት ደግሞ ራሴን ረገምኩ።

ቀኑን ሙሉ ያቺ ሱቅ ከፊቴ አልሄድ አለች። ያኔ ሲቀላ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልነበረችም። መናኸሪያው አጠገብ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ጭቃ የሆነ አንዲት ክፍል ተከራየን፤ ግራችን ልብስ ሰፊ፣ ቀኛችን ሙዝ ሻጮች። አንድ እጅ ሙዝ በስሙኒ ይገኝ ነበር፤ ገዢው ካቅማማ ሻጯ ሁለት ፍሬ ትጨምርበታለች። ከአባያ ሐይቅ የመጣ ዓሣ በእንጨት ተሰክቶ ትከሻ ላይ እየተወዛወዘ በሱቃችን ደጃፍ ያልፋል፤ ሽታው እስከ ቀትር አይወጣም። ጎረምሶቹ ታቹ መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ለብሰው፣ ጎፈሬያቸው ላይ ማበጠሪያ ሰክተው፣ ተረከዙ አንድ ጡብ የሚያህል ጫማ አድርገው በዚያ አቧራ ይንጎማለላሉ። ልጃገረዶቹ ደግሞ ጉልበት የሚነካ ቀሚስ ከነጭ ካልሲ ጋር። በዚያ ሙቀት ካልሲ! ከፊት ለፊታችን ያለው ቡና ቤት አንድ ካሴት ብቻ ነበረው። ደብዳቤ ያልጻፈላትን ወንድ የምትወቅስ ዘፋኝ ከጠዋት እስከ ማታ ታለቅሳለች፤ ካሴቱ ሲንቀራፈፍ የሴቲቱ ድምፅ የወንድ ይሆናል፤ ያኔ ባለቤቱ በእርሳስ ሊያጠነጥነው ወደ እኛ ይሮጣል። ዘመኑ ሰልፍና ስብሰባ የበዛበት ዘመን ነበር፤ እሱን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ የማስታውሰው የሱቃችንን ሽታ ነው፤ የተበየደ ሽቦ፣ የተቃጠለ አቧራ፣ የበሰለ ሙዝ።

እኔ ከጎንደር መጥቼ፣ ወታደር ቤት የራዲዮ ጥገና ተምሬ፣ ዕጣ ወደ አርባ ምንጭ የጣለችኝ ሰው ነኝ። አንጁሎ ከኦቾሎ ነው፤ ከአባያ በላይ ካለው ከዚያ ከተራራው አፋፍ። አባቱም ወንድሙም ሸማኔ ነበሩ። እሱ ግን ድርና ማግ የለመደውን ጣት ይዞ ወደ ሽቦ መጣ። የትራንስፎርመር ሽቦ ሲጠመጥም ዙሩን በጋሞኛ ይቆጥራል፤ ሺህ ዙር ሲደርስ አንዲት አትዛነፍበትም። እኔ የተማርኩት ሰውዬ እሳሳታለሁ፤ እሱ አይሳሳትም። በአማርኛው ሴትና ወንዱን ያቀላቅል ነበር። «ጋሽ ይርጋ፣ ይኼ ራዲዮ ታመመች» ይለኛል። እኔም ሳላውቀው እንደሱ መናገር ጀምሬ የልብስ ሰፊው መሳቂያ ሆንኩ። ታደለች ምሳ ታመጣለች፤ ቆጮ ከዳጣ ጋር። ያኔ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። በሱቁ አንድ ደንብ ነበረን፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። የተከፈተ ዕቃ ሁሉ ስፒናው ተነቅሎ ሁለታችንም እንድናየው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። አንጁሎ ያንን ደንብ እንደ ጾም ይጠብቀው ነበር።

በማግስቱ ታደለች ቤት ስደርስ በሩን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ግቢዋ አንድ የሽፈራው ዛፍና አንድ የውኃ በርሜል አላት፤ ቤቷ ጽዱ ነው። ማይክሮዌቩን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና በመጀመሪያ አንድ ኩባያ ውኃ አስገብቼ ሁለት ደቂቃ ሞላሁት። መብራቱ በራ፣ ሳህኑ ዞረ፣ ማራገቢያው ነፈሰ። ጤነኛ ማይክሮዌቭ ከጀመረ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ድምፁን ያወፍራል፤ ጭነት እንደ ያዘ መኪና። ይህኛው አላወፈረም። ሲጨርስ ጣቴን ውኃው ውስጥ ነከርኩ፤ ቀዝቃዛ። ፊውዙ ቢሆን ኖሮ ጨርሶ አይበራም ነበር። እንግዲህ ሕመሙ ወደ ውስጥ፣ ኃይለኛው ኤሌክትሪክ ካለበት ነው። ስፒናውን ነቀልኩና ታደለች እንድትይዘው እጇ ላይ አኖርኩላት። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ አላውቅም። «ይኼ ምንድነው?» አለች። «ስፒናው ነው። ተነቅሏል፤ ያዢው» አልኳት።

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ክዳኑ ሲነሳ ያ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ አቧራ። ማይክሮዌቭ ከቤት ዕቃ ሁሉ ክፉው ነው። ውስጡ ካፓሲተር የሚሉት አንድ ቆርቆሮ አለ፤ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ያልጠረጠረ እጅ ከነካው ሰው ይገድላል። ራሱን የሚያፈስበት መንገድ አለው ይባላል፤ እኔ ግን የሚባልን ማመን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በልብ በኩል ነው መንገዱ። በቀኜ፣ እጀታው ፕላስቲክ በሆነው ካቻቢቴ፣ ሁለቱን ጫፎች አገናኘሁ።

ጧ! አለ። ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። ታደለች ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች፤ ስፒናው እጇ ላይ ነው።

«ተነቅሏል አላሉኝም?»

«ተነቅሏል። ውስጡ ይዞ የቆየው ነው። አሁን ፈሰሰ፤ አይዞሽ።»

«እንዲህ ነው የጮኸው?» አለች። «አንጁሎን ሲይዘው፣ እንዲህ ነው?»

በቴስተሬ መፈተሽ ቀጠልኩ። ካፓሲተሩ መጮኹ አንድ ነገር ነግሮኛል፤ ኤሌክትሪኩ እስከዚያ ድረስ ይደርሳል፣ የሚቀበለው ግን የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሙቀቱን የሚፈጥረው ክፍል፣ ማግኔትሮን የሚባለው ነው። ሽቦዎቹን አላቅቄ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ለካሁ፤ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ደግሜ ለካሁ። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። አንድ ዕቃ ተቀይሮ ይድናል ብዬ ልነግራት ቀና ስል፣ እሷ እያለቀሰች ነበር። ድምፅ የላትም፤ እንባዋ ብቻ ነው የሚወርደው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«ማንን?»

«አንጁሎን። አልሰሙም? እርስዎማ ያን ጊዜ ሐዋሳ ሄደዋል። ከቀብሩ በኋላ ኦቾሎ ላይ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ሞት በባዶ አይመጣም፣ ጎሜ አለ አሉ።» ጎሜ ምን እንደሆነ ከአንጁሎ ሰምቼ አውቀዋለሁ። በድብቅ የተሠራ ጥፋት በአደባባይ ካልተነገረ ቤት ያፈርሳል፣ ሰው ይገድላል ይላሉ የጋሞ አባቶች። «የሁሉም ቤት ተፈተሸ» አለች። «የእኔ ብቻ ተገኘ። የዚያን ቀን ጠዋት ተጣልተን ነበር። በማይረባ ነገር፤ በአንድ ሸሚዝ። ያቀረብኩለትን ሳይበላ ወጣ። ‘እንግዲያው አትመለስ’ አልኩት። ይህን በአፌ አውጥቼ፣ በሕዝብ ፊት ተናገርኩ። ሆዱ ባዶ፣ ልቡ የተቆጣ ሰው ስፒና ሰክቶ ቢረሳ ምን ይገርማል አሉ። እኔም ይኼው ነው አልኩ። ወንድሙ ከዚያ ወዲህ ቤቱ አላስገባኝም። መስቀል ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ወደ ተራራው ወደ ዘመዱ ሲወጣ፣ እኔ ልጄን ይዤ በሬን እዘጋለሁ። ሰላም ‘የእኛ ዘመድ የታለ?’ ስትለኝ ራቅ ያለ ነው እላታለሁ። ኦቾሎኮ ከዚህ ደጅ ላይ ቆመው ይታያል።»

አልሰማሁም ነበር። በልጄ ሞት፣ አልሰማሁም ነበር። ብሰማ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ግን መሐላ አልገባም።

ያን ቀን እንዲህ ነበር። ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት ለሠርግ ያከራየው ትልቅ አምፕሊፋየር ተበላሽቶበት፣ በነጋታው ካልደረሰ ጉዴ ፈላ ብሎ እየተመላለሰ ያዋክበናል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። አንጁሎ ጠዋት ሳይበላ ስለመጣ ሙዝ ሊገዛ ወጣ። እኔ አምፕሊፋየሩን ከፍቼ የቻልኩትን በየድኩ። ከዚያ ችኮላ ያዘኝ። ስፒናውን ሰካሁት፣ ማብሪያውንም ከፈትኩት፤ መብራት ሲመጣ ቀይ አምፖሏ በርታ እንድትነግረኝ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ ደንቡን ያፈረስኩት እኔ። ካኪ ሱሪ አሰፍቼ ነበርና ልለካ ወደ ልብስ ሰፊው ገባሁ። አንጁሎ ተመልሶ ያየው የተከፈተ ዕቃ ነው። መብራት የለም። ይርጋ ደግሞ የተከፈተ ዕቃ ሰክቶ አይሄድም። እጁን ከተተ።

መብራቱ ሲመጣ መንገዱ ሁሉ «መጣ! መጣ!» ብሎ ጮኸ። ዛሬም ልጆች መብራት ሲመጣ እንደሚጮኹት ነው። የቡና ቤቱ ካሴት ካቆመችበት ቀጠለች። እኔም አንድ እግሬን አዲሱ ሱሪ ውስጥ እንደከተትኩ ከሰዉ ጋር «መጣ!» ብዬ ጮኽኩ። እየሳቅኩ ወደ ሱቁ ገባሁ። አንጁሎ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነበር። ስፒናውን ነቀልኩት። ጎተትኩት፣ ጠራሁት፣ ደረቱን መታሁት። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ፖሊስ መጣና «ማነው የሰካው?» አለ። ጥያቄው ይኸው ብቻ ነበር። አፌ ራሱ መለሰ፤ «እኔ አልነበርኩም። ራሱ ሰክቶት ይሆናል።» ማንም ደግሞ አልጠየቀኝም። ልብስ ሰፊው እንኳ ከእሱ ዘንድ እንደነበርኩ መሰከረልኝ። ሱቁን ዘግቼ ሐዋሳ ሄድኩ። ከዓመት በኋላ ተመልሼ እርሻ ውስጥ የውኃ ሞተር ጥገና ገባሁ። ሚስት አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ዘመን ተሸከመችኝ። እሷን ግን ታደለች ነበረች የምትሸከመው።

ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ። «ታደለች፣ ስፒናውን የሰካሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

አልተንቀሳቀሰችም። «ይድገሙት» አለች።

«የሰካሁት እኔ ነኝ። ሰክቼ ሱሪ ልለካ ሄድኩ። እሱ አላወቀም። የረሳውም ነገር አልነበረም። በሸሚዝ መጣላታችሁ ምንም አላደረገም።»

ተቀመጠች። ስፒናውን ከእጇ ወደ ጠረጴዛው ለማስቀመጥ ፈለገች፤ ጠርዙን በእጇ ዳበሰች፣ አጣችው፣ ጭኗ ላይ ተወችው። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ትሰድበኛለች፣ ጎረቤት ትጠራለች ብዬ ጠበቅኩ። ያ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ይህን እኔ ብቻዬን ሰምቼ ምን አደርገዋለሁ?» አለች በመጨረሻ። «እኔ ብቻዬን አይደለም የተናገርኩት። በሕዝብ ፊት ነው። ኦቾሎ እንወጣለን።»

«ማይክሮዌቩስ?» አልኩ፤ እንዲህ ያለ ጅል ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

«ይቆይ። የቀዘቀዘ መብላት ለምጃለሁ።»

በሦስተኛው ቀን በምዕራብ ዓባያ ሚኒባስ ሄደን ከተራራው ግርጌ ወረድን፤ ከዚያ እያንዳንዳችን በሞተር ሳይክል ዳገቱን ወጣን። ታደለች ዓይኗ ባያይም መንገዱን ታውቀዋለች። «አሁን የቀርከሃው ዘንድ ደረስን» ትላለች፤ እውነትም ደርሰናል። ታች አባያ እንደ ሁልጊዜው ቀይ ሆኖ ተኝቷል። ሽማግሌዎቹ አስቀድሞ በሰው ተነግሯቸው ዱቡሻው ላይ፣ የአገር ነገር በሚታይበት የድንጋይ አደባባይ፣ ተቀምጠው ነበር። የአንጁሎ ታላቅ ወንድም ቶጋ መሐል ናቸው፤ ከሰማንያ አልፈዋል፣ ጣቶቻቸው አሁንም የሸማኔ ናቸው። የመንደሩ መምህር ያስተረጉም ነበር። በደለኛ ምሕረት ሲለምን የሚይዘውን አንድ ጭብጥ እርጥብ ሳር ሰጠኝና ይንበርከኩ አለኝ። ጉልበቴ ቢያመኝም ተንበረከክኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስፒናውን፣ ሱሪውን፣ ጩኸቱን፣ ለፖሊሱ ያልኩትን። መምህሩ አንድ ቦታ ላይ ማስተርጎሙን አቁሞ አየኝና እንደገና ቀጠለ።

አቶ ቶጋ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ። መምህሩ፣ «ለምን ዛሬ ይላሉ» አለኝ።

«እሷ በእኔ ፋንታ ስትቀጣ መኖሯን አላወቅኩም ነበር። ሳውቅ ተናገርኩ።»

እንደገና ጠየቁ። «ባያውቁ ኖሮስ ይላሉ።»

ለመዋሸት ጊዜ ነበረኝ። ሳሩ እጄ ውስጥ ሞቋል። «ባላውቅ ኖሮ አልናገርም ነበር» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ በጋሞኛ ተነጋገሩ። ያኔ ታደለች ማንም ሳይጋብዛት ተነሥታ ቆመች። የምትለውን አልሰማም፤ መምህሩ ግን ጆሮዬ ሥር ዝቅ ብሎ ነገረኝ። «እዚህ ቦታ ላይ ልጅ ሳለሁ የሰጠኋችሁ ቃል አለ። የእኔ ጥፋት አልነበረም። ቃሌን መልሱልኝ ትላለች።» አቶ ቶጋ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ፣ ሄደው ከፊቷ ቆሙ፣ ሁለት እጇን ይዘው እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀሱ። ሴቶች ከየቤቱ ወጡ። አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ ይዘዋት አንጁሎ ወደተወለደበት ቤት አስገቧት። እልልታ የለም፣ ጩኸት የለም። እኔ ከነሳሬ እዚያው ቀረሁ። ማንም አልረገመኝም፤ ማንም ውኃ አላለኝም። ከብዙ ቆይታ በኋላ መምህሩ መጥቶ፣ «የእሷ አልቋል። የእርስዎ ገና ነው፤ ሲጠሩዎት ይመጣሉ ተብሏል። አሁን ይሂዱ» አለኝ። ሞተር ሳይክል አልጠበቅኩም፤ በእግሬ ወረድኩ። ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ከመንገዱ ዳር ገደሉ አጠገብ ተቀምጬ የማልጽፈውን ነገር አሰብኩ። ከብት የሚነዱ አንድ አዛውንት በጋሞኛ ሰላምታ ሰጥተውኝ አለፉ፤ እኔም ተነሣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። አርባ የሚሆናት፣ መነጽር ያደረገች ሴት ቆማለች። ማን እንደሆነች ሳትነግረኝ ዐወቅኳት፤ ጣቶቿ ነገሩኝ። በእጇ አንድ ካርቶን ይዛለች። የተበላሸው ምን እንደሆነ ወደ ኦቾሎ ስንሄድ ለእናቷ ነግሬያት ነበር፤ ሐዋሳ ውስጥ ከተጣለ ማይክሮዌቭ ላይ ያወጡትን ማግኔትሮን አግኝታለች። «እናቴ ገና ኦቾሎ ናት» አለች ሰላም። «ሰኞ ትመለሳለች። ስትመጣ ትኩስ እንድትበላ እፈልጋለሁ። ሌላ ሠሪ አጣሁ።» ድምፅዋ ደረቅ ነበር። ቴስተሬንና ካቻቢቴዬን ይዤ ተከትያት ሴቻ ወጣሁ።

ስሠራ ከፊቴ ተቀመጠች። የማይክሮዌቩን ስፒና ከጠረጴዛው አንሥታ በሁለት እጇ ያዘችው። እኔ አልሰጠኋትም፤ ራሷ ናት። ካፓሲተሩን ደግሜ አፈሰስኩ፤ አሁን ባዶ ነበር። አሮጌውን ፈታሁ፣ አዲሱን አስገባሁ፣ ሽቦዎቹን ጠበቅ አድርጌ አገናኘሁ፣ ክዳኑን ዘጋሁ። ስፒናውን እንድትሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም፤ ተነሥታ ራሷ ሰካችው። አንድ ኩባያ ውኃ አስገባን። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ድምፁ ወፈረ። ሁለታችንም በመስታወቱ ውስጥ ኩባያው ሲዞር እናይ ነበር። ሲጨርስ ውኃው ይንፈቀፈቅ ነበር።

ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል፣ «ይቅር አልልዎትም» አለችኝ። «ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ምናልባት አንድ ቀን። ዛሬ አይደለም።»

«ልክ ነሽ» አልኳት።

«ግን ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። መነጽሯን አወለቀችና በሻሿ ጫፍ ጠረገችው፤ ደግማ ጠረገችው። «እናቴ ስለ አባቴ የምትነግረኝ ያንን ጠዋት ብቻ ነበር። ሸሚዙን፣ ሳይበላ መውጣቱን። ሌላ አላውቅም። አባቴ ይስቅ ነበር?»

ዕቃዬን መሬት ላይ አኖርኩት።

«ይስቅ ነበር» አልኳት። «አንድ ጊዜ የተጠገነ ራዲዮ ለአንድ ገበሬ ልናደርስ ወደ ምዕራብ ዓባያ ሄድን። ሙዝ ሊያመጣ የሚሄድ ባዶ አይሱዙ ላይ ከኋላ ተጭነን ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ራዲዮው በራሱ ተከፍቶ አንድ ዘፈን ለቀቀ። አባትሽ መቆም አቃተው። የመኪናውን ጣሪያ እንደ ከበሮ መምታት ጀመረ። ሹፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት አቁሞ ወረደ። ሲወርድ ያየው አባትሽን ነው፤ አሮጌ ኮቱን ወገቡ ላይ አስሮ ብቻውን ይጨፍራል። ሹፌሩ በመጀመሪያ ተሳደበ። ከዚያ ሳቀ። ከዚያ እሱም ወጣ። የእርሻ ሠራተኞች ከየሙዙ ሥር ወጥተው ከበቡን፤ መንገድ ተዘጋ። ዘፈኑ አልቆ ሰውዬው ዜና ማንበብ ሲጀምር አባትሽ በዜናውም ጨፈረ። በጭፈራው መሐል ‘ጋሽ ይርጋ፣ ይኼ ራዲዮ ዳነች!’ ይለኛል። እንባው እስኪወርድ ነበር የሚስቀው፤ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።»

ሰላም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። እጇን ከፊቷ አነሣች።

«ሌላስ?» አለችኝ።